ግፊቱ ከላይ ነው

የእህቴ ባል ውሃ ከፋች ነበር። እንዲህ ስል ብዙ ሰው ቧንቧ ሠሪ ይመስለዋል። አይደለም። ቧንቧ ሠሪ ሲጠሩት ነው የሚመጣው፤ የእህቴን ባል ግን ማንም ሳይጠራው በየቀኑ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። ከመንገዱ ዳር ክብ የብረት ክዳን አለ። ክዳኑን ጫፏ በተቆለመመች ብረት ነቅንቆ ያነሳዋል። ከዚያ ደረቱ ድረስ የሚደርስ፣ አናቱ ላይ ሁለት እጀታ ያለው ዘንግ ወደ ጉድጓዱ ይሰድና ያዞራል። ወደ አንድ ጎን ሲያዞረው ሰፈሩ ውሃ ያገኛል፤ ወደ ሌላው ሲያዞረው ይደርቃል። ዘንጉ ቁልፍ ነው የሚባለው፤ እሱንም ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ቁልፉ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምትጠራው እህቴ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ብቻ።

እኔ የምኖረው እነሱው ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ባለችው አንድ ክፍል ነው። መስኮቴ ከእነሱ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ማየት ባልፈልግም አያለሁ። እህቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ አልጋ ላይ ናት። የሚያጥባት፣ የሚያጎርሳት፣ አንድ ጎኗ እንዳይቆስል የሚያገላብጣት እሱ ነው። እኔ ጉልበቴ ደክሟል፤ ብሞክር አብሬያት እወድቃለሁ። ጠዋት የላይኛውን ሰፈር ይከፍትና ወደ ቤት መጥቶ እሷን ወደ ግድግዳው ያዞራታል። ቀትር ላይ የእኛን የታችኛውን ሰፈር ይከፍትና መጥቶ ወደ መስኮቱ ያዞራታል። እህቴ ምላሷ ደህና ስለሆነ፣ "እኔንም በፈረቃ አስገባኝ እኮ" እያለች ትስቅበት ነበር። ጸጉሯንም ያበጥርላታል፤ መስመሩ ግን ሁልጊዜ ጠማማ ነው።

ሥራውን ሲሠራ አንድ ልማድ ነበረው። ቁልፉን ካዞረ በኋላ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን እጀታው ላይ ይለጥፋል። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲሄድ ድምፁ በብረቱ በኩል ይመጣል ይላል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ያዳምጣል። ልብስ ሰፊዋ፣ የስፌት መኪናዋን በሱቋ ደጃፍ የምታደርገው ጎረቤታችን፣ ባየችው ቁጥር አታልፈውም።

"ጋሽ ቁልፉ፣ ምን አለህ? ደህና አደርክ አለህ?"

"አንቺን ነው የጠየቀኝ። ዛሬም አላረፈችም ወይ አለኝ።"

"ለእኔ ምላስ የሚሆን ቁልፍ የለህማ!"

"ጠይቄ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ በዚያ መጠን አይሠራም አሉኝ።"

እንዲህ ይቀላለዱ ነበር። ያ ግን ውሃው ሳይጠፋ በፊት ነው።

ውሃው የጠፋው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ በተራችን ሰዓት ቀጠነ። ከዚያ በተራችን ሰዓት አየር ብቻ መንፋት ጀመረ፤ ቧንቧው ሲከፈት እንደ ሽማግሌ ያስላል፣ ሁለት ጠብታ ይተፋል፣ ዝም ይላል። የላይኛው ሰፈር ግን፣ እዚያ ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት እንደነገረችን፣ ተራው በሆነም ባልሆነም ሰዓት ይወርድለታል። አትክልት ሁሉ ያጠጣሉ አለች። ይህን ስንሰማ የሁላችንም ዓይን ወደ አንድ ሰው ዞረ። ቁልፉ በማን እጅ ነው?

እኔም አልዋሽም፣ ዓይኔ ዞሯል። የምጠራጠርበትም ነገር ነበረኝ። የእነሱ በር ጥግ ያለው ሰማያዊ በርሜል መቼም ጎድሎ አያውቅም። ሰፈሩ ጀሪካን ተሸክሞ ሲንከራተት በርሜሉ እስከ አፉ ነው፤ ክዳኑ ሲነሳ ከመስኮቴ ሲያብረቀርቅ አየዋለሁ። ደግሞ በዕረፍት ቀኑ ወደ ላይኛው ሰፈር መውጣት ጀመረ። ልብሱን ቀይሮ፣ ቁልፉን ሳይዝ። ስልክ ሲደወልለት ቀድሞ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ነበር የሚያወራው፤ አሁን ከግቢ ይወጣል። ጫማው በደረቅ ቀን ጭቃ ይዞ ይገባል። እነዚህን አንድ በአንድ አየሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ሆዴ ውስጥ ተቀመጡ።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ እኔ ዘንድ እየሮጠች ገባች። ጣቷ ላይ መርፌ መግፊያዋን እንኳ አላወለቀችም።

"እትዬ፣ በጆሮዬ ሰማሁ።"

"ምኑን?"

"ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ስልክ ያወራል። እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ አላየኝም። ምን አለ መሰለሽ? 'አዎ ጌታዬ፣ ግፊቱ ከላይ ነው። የታችኞቹን ትንሽ ትንሽ ነው የምለቅላቸው' አለ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ 'አይ፣ እነሱ አያውቁም' አለ። አያውቁም! እኛን እኮ ነው!"

ቃሉ ያን ቀን ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰው። ግፊት ከላይ። ከላይ ያለ ሰው ያዘዘው፣ ትልቅ ሰው የገፋው፣ የላይኛው ሰፈር ባለጊዜዎች በስልክ የሚነዱት ሰው ሆነ። እሱ ውሃውን ዘጋ፤ ሰፈሩ ደግሞ እኛን ዘጋን። እህቴን ለመጠየቅ የሚመጡት ሴቶች ቀሩ። ዳቦ ቤት ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ልብስ ሰፊዋ እንኳ ለእኔ ሰላምታ ስትሰጥ ከአንገት በላይ ሆነ።

የሰፈሩን ኮሚቴ የሚመራው አናጺው ነው። ቁጥብ ሰው ነው፤ ሲናገርም እንጨት እንደሚለካ ዓይኑን ያጠባል። እሱ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ሄዶ፣ ሥራ አስኪያጁ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ሰፈሩን እንዲያነጋግር አሳመነ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ይህ ሰው ይነሳልን።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የእህቴን ባል ቀድሞ ጠርቶ ተናግሮታል። ሰዉ ካልፈለገህ እዚህ ላቆይህ አልችልም፣ ወደ ውሃ ጉድጓዶቹ ትሄዳለህ ብሎታል። ጉድጓዶቹ ከከተማው ውጭ ሜዳ ላይ ናቸው፤ እዚያ የተመደበ ሰው ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት። ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ ተራዋ እዚያ በኩል ስለነበረ።

"እኔን ማን ያነሳኛል፣ እትዬ?" አለች። "ደመወዙ ሰው ለመቅጠር አይበቃም። አንቺ እንደሆንሽ እንኳን እኔን ጀሪካንም አታነሺ።"

"እሱ ምን ይላል?"

"ምንም። ምንም አይልም። እኔ የምፈራው ይህንን ነው።"

በዚያው ዕለት እሱን ግቢው ውስጥ ጠበቅኩት። ጫማውን እያወለቀ ነበር።

"እኔ ታላቅህ ነኝ" አልኩት። "ለእኔ ንገረኝ። በርሜሉ ከየት ይሞላል?"

ቀና ብሎ አየኝ፤ የፈገገ መሰለኝ። "እርስዎም እትዬ?"

"እኔም።"

"ቧንቧ ስናጥብ የሚፈስ ውሃ ነው። ዝገት አለው፤ ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ጎረቤት ላካፍል ብል ከየት አመጣኸው ይሉኛል።"

"በዕረፍት ቀንህ ላይኛው ሰፈር ምን ትሠራለህ?"

"የግፊቱን መለኪያ አነባለሁ። ታዝዤ ነው።"

"ስልኩስ? የማናውቀው ነገር ምንድን ነው?"

ጫማውን ግድግዳው ጥግ አስተካክሎ አስቀመጠ። አንደኛውን እንደገና አነሳና ቦታውን ቀየረው። "እሱን አይጠይቁኝ" አለ። "ከጠየቁኝ እዋሻለሁ፤ እርስዎን መዋሸት ደግሞ አልፈልግም።"

እውነት ለመናገር ከዚህ በኋላ ጥርጣሬዬ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። የበርሜሉ ጥያቄ ተመልሶልኛል፤ ይኸኛው ግን አልተመለሰም። ለሁሉም መልስ ያለው ሰው አንዱን ለምን ደበቀ?

ቅዳሜ ሰዉ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። አግዳሚዎቹ የልጆች ስለሆኑ ትልልቁ ሰው ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ ነው የተቀመጠው። እኔ ከኋላ በሩ አጠገብ ሆንኩ። የእህቴ ባል ፊት ለፊት፣ ከሥራ አስኪያጁ ጎን ቆመ። ቁልፉን ይዞ መጥቷል፤ ለምን እንደያዘው እንጃ፣ ምናልባት እጁ የሚያርፍበት አጥቶ ይሆናል።

አናጺው ነገሩን በአጭሩ ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ የሰማችውን ቃል በቃል ደገመችው። "ግፊቱ ከላይ ነው" ስትል የእሱን ድምፅ ሳይቀር አስመሰለች። አዳራሹ አጉረመረመ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነው፣ የሸሚዙ አንገት ላብ ይዟል። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደና ጠመኔ አንስቶ ተራራ ሳለ፣ አናቱ ላይ ታንከር፣ ከታች ትናንሽ ቤቶች።

"እናቶች፣ አባቶች፣ ይህ የሰው ግፊት አይደለም" አለ። "የውሃ ግፊት ነው። ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው። የላይኛውን ሰፈር ስንዘጋው ኃይሉ በሙሉ እናንተ ላይ ይወርዳል። ቧንቧ ያፈነዳል። ስለዚህ እሱ ለእናንተ አስቦ ላይኛውን ሳይዘጋ ለእናንተ በትንሹ ይለቃል። ግፊት ማለት በእኛ ሥራ ይኸው ነው።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከመሀል አንዱ፣ "እኛ ደግሞ የሚኒስትር ግፊት መስሎን!" አለና ሳቅ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ መርፌ መግፊያዋን በጣቷ እያሽከረከረች ተቀመጠች፤ ፊቷ ቀልቷል። እኔም ልቤ መለስ አለልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው፣ ሰውየው ንጹሕ ነው፣ እህቴ ባሏን አታጣም ብዬ ለመነሳት ምርኩዜን ሳብኩ።

አናጺው ግን ዓይኑን አጠበበ።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለ። "የእኛ ቧንቧ ባለፈው ዓመት ተቀይሯል። እንግዶች መጥተው ሪባን ተቆርጧል፤ አጨብጭበናል። አዲስ ቧንቧ ግፊት ይፈራል?"

ሥራ አስኪያጁ ጠመኔውን አስቀመጠ። እጁን በእጁ አራገፈ። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ፤ ያን ሲል ግን ወደ አናጺው አልተመለከተም። "ችግሩ አዲሱ ቧንቧ አይደለም። ችግሩ እናንተው ጋ ነው። ከመካከላችሁ ቧንቧውን በድብቅ እየበሳ ውሃ የሚጠልፍ አለ። ቧንቧው የሚዳከመው በዚህ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ቤት ለቤት የሚፈትሽ ቡድን ይመጣል። የጠለፈ ሰው መስመሩ ይቆረጣል፤ በሕግም ይጠየቃል።"

አዳራሹ ውስጥ ያለው አየር ተለወጠ። ያን ጊዜ ያየሁትን አልረሳም፤ ሰዉ ሁሉ አጠገቡ ያለውን ጎረቤቱን በዓይኑ ጥግ ማየት ጀመረ። ቅድም አንድ ሰው ነበር የተጠረጠረው፤ አሁን ሁሉም ሁሉንም ጠረጠረ። ዳቦ ጋጋሪው ልብስ ሰፊዋን አየ፣ ልብስ ሰፊዋ ከኋላዋ ያለችውን አሮጊት አየች። እኔን ያየኝም ነበር።

የእህቴ ባል ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ማንም አልበሳም" አለ።

ሥራ አስኪያጁ ዞረ። "ምን አልክ?"

"ማንም አልበሳም ጌታዬ። መስመሩን በየቀኑ አዳምጠዋለሁ። የተበሳ ቧንቧ ያፏጫል፤ ይኼ አያፏጭም።"

"አንተ ዝም በል፣ እኔ እያስረዳሁ ነው።"

"ዝም ብያለሁ እስካሁን" አለ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ከኋላ ያለነው ለመስማት አንገታችንን ሰገግን። "ቧንቧው አልተቀየረም። አዲሱ የተቀበረው እስከ ዳቦ ቤቱ ጥግ ብቻ ነው፣ እንግዶቹ እስከቆሙበት። ከዚያ ወዲህ ያለው አሮጌው ነው። ግፊት የማይችለው እሱ ነው።"

"ኧረ ሲቀበር አይተናል!" አለች ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ። "በሱቄ ፊት ነው የተቆፈረው! አቧራው ስንት ልብስ አበላሸብኝ!"

"ሲቆፈር አይተሻል" አላት። "ከዚያ ደግሞ ያየሽው አፈሩ ሲመለስ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ ቀረች፤ በሐሳቧ ወደዚያ ቦይ ተመልሳ እየፈለገች እንደሆነ ያስታውቃል። እኔም ፈለግሁ። ቦዩን አስታወስኩ፣ የተከመረውን ሰማያዊ ቧንቧ አስታወስኩ፣ ጠዋት ተነስተን ምድሩ ተደልድሎ ማግኘታችንን አስታወስኩ። ቧንቧው ወደ ውስጥ ሲወርድ ግን አላስታወስኩም።

አናጺው ቀስ ብሎ ጠየቀ። "እና ያ ግፊት፣ በስልክ ያልከው፣ የቱ ነው? የውሃው ነው የሰው?"

የእህቴ ባል ወደ በሩ፣ እኔ ወዳለሁበት አየ። እኔን ያየ አልመሰለኝም። ምናልባት በእኔ በኩል አድርጎ ቤቱን፣ አልጋውን አይቶ ይሆናል።

"የሁለቱም" አለ።

ሥራ አስኪያጁ ጃኬቱን ከወንበሩ አንስቶ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ መንገድ እንድለቅለት በትሕትና "ይቅርታ እናቴ" አለኝ። ፊቱን በቅርብ ሳየው የተናደደ ሰው አይመስልም ነበር፤ የፈራ ሰው ይመስላል። እሱንም ከላይ የሚገፋው አለ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወይም ካልተቀበረው ቧንቧ ገንዘብ እሱም ተካፋይ ነው። እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሰዉ የእህቴን ባል ያቅፈዋል፣ ያመሰግነዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዳንዱ እጁን ጨበጠው። ግን ዳቦ ጋጋሪው፣ "እና ይህንን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር?" አለው።

"አውቅ ነበር።"

"በየቀኑ እያየኸን?"

"በየቀኑ።"

ቁልፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤት ሄደ፤ እህቴን ማገላበጫው ሰዓት ደርሶ ነበር።

ዝውውሩ ብዙ አልዘገየም። ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ ውሃ ጉድጓዶቹ ተዛውረሃል አሉት። አናጺው ሰው አስከትሎ ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ ይቆይልን ብሎ ለመነ፤ ሰውየው ይነሳ ያላችሁት እናንተው አይደላችሁም ወይ ተብሎ ተመለሰ።

እህቴ ግን በማግስቱ፣ "እኔም እሄዳለሁ" አለች። "ዘበኛው የሚያድርበት ክፍል አለ ይላል። አልጋ አልጋ ነው፤ ግድግዳም ግድግዳ ነው። እዚህም እዚያም የማየው እሱኑ አይደል?"

የጭነት መኪና መጣ። ከነፍራሿ አንስተው ከኋላ አስተኟት፣ ሰማያዊው በርሜል ከአጠገቧ። ጎረቤቱ በየደጁ ቆሞ ያያል። ልብስ ሰፊዋ ከተራረፈ ጨርቅ የሰፋችውን ትራስ አምጥታ ከእህቴ ጀርባ ሥር ሸጎጠች፤ ሁለቱም አለቀሱ። መኪናው ጥጉን ሲዞር ልብስ ሰፊዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እትዬ፣ ለእኔ እውነቱን ንገሪኝ። እዚያ የሚሻል ቦታ ቃል ካልገቡለት፣ ሰው እንዴት ነጻ ከወጣ በኋላ አፉን ይከፍታል?"

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ግን እኔም ያን ቅዳሜ ማታ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ይህንኑ ራሴን ጠይቄያለሁ። ስለዚህ "እኔ አላውቅም" አልኳትና ገባሁ።

አሁን የእኛን መስመር የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። ውሃው አሁንም ቀጭን ነው። መሥሪያ ቤቱ ቦዩን እንደገና እቆፍራለሁ ብሏል፤ አናጺው ቧንቧው አፈር ሥር ሲገባ ከአጠገቡ የሚቆሙ ሰዎችን በተራ መድቧል፤ እኔንም ወንበር ይዤ እንድቀመጥ ጠይቆኛል፣ እሺ ብያለሁ።

እህቴ ስልክ ስትደውል ከጀርባዋ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት፣ "እንዴት ነው እሱ?" አልኳት።

"ይኸው ሞተሩን ያዳምጣል" አለች። "ውሃው እንደልብ ነው። የሚጠረጥረው ሰው ብቻ ነው የጎደለው። አሁን እሱን ለመጠርጠር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሰሞኑን ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ መውጣት ጀምሯል።"

"ማን ነው የሚደውልለት?"

"የላይኛው ሰፈር ሰው ነው ይላል" አለች፤ ሳቀችም፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።